ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ወደ ማሽን አትጠጉ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ጥማድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የሚቆመው የት ነው?

ከበሬዎቹ ኋላ ነው። በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ፣ በሬዎቹን ከፊቱ፣ ትልሙን ከእግሩ ሥር እያየ ያርሳል። ሕፃን ልጅ ከፊት ቢገባበት ያያል። ጮክ ብሎ በሬዎቹን ያቆማል። በሬውም ራሱ ዓይንና ጆሮ አለው። ፊቱ ሰው ቢወድቅ ይደነግጣል፣ ይሸሻል።

አሁን ደግሞ መንገድ የሚቆርጠውን ዶዘር አስቡ። ኦፕሬተሩ የተቀመጠው በብረቱ መካከል ነው። ከፊቱ አፈር የሚገፋው ሰፊ ብረት ይከልለዋል። ከኋላው የመቆፈሪያው ብረት አለ። ጆሮውን የሞተሩ ጩኸት ደፍኖታል። ማሽኑ ደግሞ ዓይንም ጆሮም የለውም። ሰው ይሁን ድንጋይ ለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን አንድ ነገር ነው። እናንተ ማሽኑን ስላያችሁት፣ ኦፕሬተሩም እናንተን ያያችሁ አይምሰላችሁ።

ማሽን ወደ አገራችን መምጣቱ አይቀርም

ጅጋ ያለችው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም እንደዚሁ። የፍኖተ ሰላም ስም ራሱ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የቡሬ በርበሬ፣ የጃቢ ጠህናን በቆሎ ለገበያ ይወጣል። ታማሚም ወደ ሆስፒታል ይደርስበታል።

ይህ ሁሉ ያለ ከባድ ማሽን አልተሠራም። በአባይ በረሃ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ የተሠራው ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተገንብቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር የማገናኘት ፕሮግራም በአገሪቱ ተጀመረ። ያን ጊዜ ዶዘርና ግሬደር አይተው የማያውቁ ቀበሌዎች ሁሉ አዩ። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ትልቅ ግድግዳ ኮንክሪቱ በዶዘር እየተገፋ፣ በሮለር እየተደመደመ፣ ድርብ በድርብ የወጣ ነው።

እንግዲህ ማሽን ነገም መምጣቱ አይቀርም። መንገድ ይጠገናል፣ ድልድይ ይሠራል፣ የመስኖ ቦይ ይቆፈራል። ማሽኑ ልማት ይዞ ይመጣል። ካልተጠነቀቅን ግን ሐዘንም ይዞ ይመጣል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆንብን፣ ከመምጣቱ በፊት ጠባዩን እንወቅ።

ማሽኑ ስንት በሬ ይመዝናል?

አንድ ደህና የአገራችን በሬ 3 ኩንታል ያህል ይመዝናል እንበል። መካከለኛው ኤክስካቫተር፣ ያ ረጅም ክንድ ያለው ቆፋሪ ማሽን፣ 20 ቶን ገደማ ነው። 20 ቶን ማለት 200 ኩንታል ነው። ይህም ከ60 በሬ በላይ መሆኑ ነው። ከትላልቆቹ ዶዘሮች ከ35 ቶን በላይ የሚመዝኑ አሉ። ይህ ደግሞ ከ110 በሬ በላይ ነው። ገረጋንቲ የጫነ ገልባጭ መኪናም ከነጭነቱ ከ25 ቶን ይበልጣል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ክብደት ቁም ስላሉት ወዲያው አይቆምም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ገልባጭ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ይጓዛል። አንድ ሰከንድ ማለት ዓይን ከፍቶ እንደ መክደን ነው። ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ መኪናው 15 እርምጃ ያህል ሄዷል። ፍሬን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ጭቃ ወይም ልቅ ጠጠር ከሆነ ደግሞ ይንሸራተታል። "ሲደርስ እሮጣለሁ" የሚል ሰው ሒሳቡን አላሰበውም።

ዕውሩን ቦታ እወቁ

ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ የማያየው ቦታ አለ። ይህን ዕውር ቦታ እንበለው። ዕውሩ ቦታ አራት ነው።

አንደኛ፣ ከኋላ። ማሽኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሁሉ የከፋው እዚህ ነው። ሎደርና ሮለር ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ሲመላለሱ ነው የሚውሉት። ሮለር አሁን ወደ ፊት ሄደ ብላችሁ ከኋላው ብትገቡ፣ ወዲያው ይመለስባችኋል።

ሁለተኛ፣ ከፊት ለፊት ሥሩ። ባልዲው ከፍ ያለ ሎደር ከፊቱ የቆመን ሰው አያይም። ትልቅ ገልባጭም ከአፍንጫው ሥር ያጎነበሰን ልጅ አያይም።

ሦስተኛ፣ በቀኝ በኩል። ሹፌሩ የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ የቀኙ ጎን ይከለልበታል። ኤክስካቫተርም በቀኙ የራሱ ክንድ ይጋርደዋል።

አራተኛ፣ የኤክስካቫተር ዙሪያ። ይህ ማሽን እግሩ ሳይንቀሳቀስ ወገቡ ይዞራል። ክንዱ ሲዘረጋ ከመካከሉ እስከ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር የኋላው ብረት ወደ ግራ ይዞራል። በዚያ ብረትና በገደል ወይም በመኪና መካከል የቆመ ሰው እንደ እህል በወፍጮ መካከል ነው።

ታዲያ ማለፍ ግድ ሲሆን ምን እናድርግ? ራቅ ብላችሁ፣ ኦፕሬተሩ በሚያያችሁ በኩል ቁሙ። እጃችሁን ከፍ አድርጉ። ኦፕሬተሩ ዓይናችሁን አይቶ፣ ማሽኑን አቁሞ፣ ባልዲውን መሬት አውርዶ፣ እለፉ ብሎ በእጁ እስኪጠራችሁ ጠብቁ። ዓይን ለዓይን ካልተያያችሁ አትለፉ። አየኝ መሰለኝ ብሎ መግባት የለም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል። ማሽን ሥር የገባ ሰው ግን የሚለቀም አይደለም።

ለእረኛው፣ ለእናቱና ለተማሪው

ሥራው የሚሠራው በማሳችንና በግጦሻችን ዳር ነው። ስለዚህ አደጋው ለሠራተኛው ብቻ አይደለም።

ከብት በሥራው ቦታ መካከል አይነዳ። የሞተሩ ጩኸት ከብቱን ያስበረግጋል። እረኛው ጥጃ ለመመለስ ሲሮጥ ማሽኑን ይረሳል።

ልጆች ከማሽን ኋላ እንዳይሮጡ ምከሩ። ልጅ አዲስ ነገር ይወዳል። የቆመ ማሽን ላይ መውጣት፣ ጎማ ሥር ለጥላ መቀመጥ፣ ገልባጭ ላይ መንጠልጠል ጨዋታ ይመስለዋል። እናቶች ሆይ፣ ውኃ ለመቅዳት ወይም ለገበያ ስትወጡ፣ ልጅ አዝላችሁ በገልባጮች መመላለሻ አትሂዱ። ጥቂት ቢርቅም በዳር ባለው መንገድ ዙሩ።

በማሽን ባልዲ ላይ፣ በደረጃው ላይ፣ በግሬደር ጎን ተንጠልጥሎ መሳፈር ክልክል ነው። መቀመጫው ለአንድ ሰው ነው። ኦፕሬተሩ ዘመድ ቢሆንም "አድርሰኝ" አትበሉት።

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ደግሞ ሌላ አደራ አለባችሁ። በሥራው ቦታ ሰሌዳ ይተከላል። "ቁም" ይላል። "በዝግታ ሂድ" ይላል። "መንገድ በሥራ ላይ ነው" ይላል። "ማለፍ ክልክል ነው" ይላል። ትናንት ይህ ጽሑፍ ለብዙዎቻችን ዝም ያለ ጣውላ ነበር። ዛሬ ግን ይናገራል። አንብቡት፤ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትም አንብቡለት። ፊደል ነፍስ ያድናል ማለት ይህ ነው።

ቀን ሥራ ለሚገቡ

አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ብዙ ወጣት መንገድ ሥራ ይገባል። መልካም ነው። ነገር ግን ልብ በሉ።

የሚያንጸባርቅ ሰደርያና የራስ ቁር ሳትለብሱ አትግቡ። ሰደርያው ጌጥ አይደለም። በአቧራ መካከል ኦፕሬተሩ የሚያየው እሱን ነው። ነጠላና ጋቢ በሚሽከረከር ብረት ሊጠመጠም ስለሚችል ወደ ማሽን አይቀርብም።

ማሽኑን የሚመራው ባንዲራ ያዡ አንድ ሰው ይሁን። አንዱ "ና"፣ ሌላው "ሂድ" ካለው ኦፕሬተሩ ይደናገራል። አንድ ምልክት ግን የሁሉም ነው፤ እሱም "ቁም" የሚለው ነው። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ትንሹም ቢሆን፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ እያወዛወዘ ማስቆም ይችላል። ኦፕሬተሩም ማን ነህ ሳይል ወዲያው ማቆም አለበት።

ባንዲራ ያዡ የሚቆመው ሹፌሩ በመስተዋት በሚያየው ቦታ ነው። ከገልባጩ በቀጥታ ኋላ አይቆምም። ሹፌሩም ባንዲራ ያዡ ከዓይኑ ከተሰወረበት፣ የት እንዳለ እስኪያውቅ ድረስ አይንቀሳቀስ።

ከተንጠለጠለ ባልዲና ከተነሣ የገልባጭ ሣጥን ሥር አትግቡ። ማሽኑን ከፍ አድርጎ የያዘው የዘይት ግፊት ነው። ቱቦው ቢፈነዳ ብረቱ በቅጽበት ይወርዳል። ዘይት ሲፈስ ብታዩ በእጃችሁ አትዳስሱት። በግፊት የሚወጣ ዘይት እንደ መርፌ ሥጋ ይበሳል። ለፎርማኑ ንገሩ።

ቦይ ሲቆፈር ደግሞ አፈሩን አትመኑት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አፈር ከ15 ኩንታል አያንስም። ይህ በሰው ደረት ላይ ሲናድ መተንፈስ አይቻልም። ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ከጠለቀ፣ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ሳይደገፍ፣ ወይም ወደ ውጭ ሰያፍ ሆኖ ሳይቆረጥ፣ አትውረዱ። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ማሽኑም አፋፍ ላይ አይቁም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዳግመኛ ሳይታይ አይወረድ።

ኦፕሬተር ለሆናችሁና ለመሆን ለምትሹ

ከገበሬ ልጆች መካከል ዛሬ ዶዘርና ግሬደር የሚነዱ አሉ። ጥሩ ሙያ ነው። ነገር ግን ሙያው የሚጀምረው ሞተር ከማስነሣት በፊት ነው።

ጠዋት ማሽኑን ዙሩት። ጎማውን ወይም ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑን፣ ዘይቱንና ውኃውን፣ ቱቦዎቹን፣ መስተዋቱን፣ መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸውን ድምፅ እዩ። ስትዞሩ ሥሩ የተኛ ሰው ወይም ውሻ እንዳለም ታያላችሁ። አርሶ አደር ከማረሱ በፊት ቀንበሩንና ማነቆውን ይመለከት የለም? ይህም እንደዚያው ነው።

ቀበቶ እሰሩ። ማሽን ሲገለበጥ ዘሎ መውረድ የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የሚዘለው ሰው ብረቱ በሚወድቅበት በኩል ይወድቃል። ጋቢናው ጠንካራ ሆኖ የተሠራው ማሽኑ ሲገለበጥ ሰውን እንዲያተርፍ ነው። የሚያተርፈው ግን በቀበቶ የታሰረውን ነው።

ተዳፋት ላይ አግድም አትሂዱ። ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ባልዲው ሲጫን ዝቅ ብሎ ይሂድ። አዲስ የተደለደለ መንገድ ዳሩ ልል ነው፤ በተለይ ቀይ አፈራችን ዝናብ ሲጠጣ ከሥር ይከዳል።

ስታቆሙ ሜዳ ላይ አቁሙ። ባልዲውን መሬት አውርዱ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ። ጎማ ያለው ከሆነ ታኮ አድርጉ። ቁልፍ ተሰክቶ የቆመ ማሽን የተቀባበለ ጠመንጃ ነው።

ረዳቱ "ልለማመድ" እያለ ሰው ባለበት ቦታ አይንዳ። ልምምድ በሜዳ፣ ባለሙያ አጠገብ ሆኖ ነው። ፈቃድ የሌለው አይንዳ። አረቄና ጠላ የቀመሰ፣ እንቅልፍ ያጣም አይንዳ።

ማሽኑ የመብራት መስመር ከነካ

ገልባጭ ሣጥኑን ሲያነሣ፣ ኤክስካቫተርም ክንዱን ሲዘረጋ ሽቦ ሊነካ ይችላል። በመንደራችን ከሚያልፈው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። በትላልቅ የብረት ምሰሶ ላይ ከሚያልፈው ከፍተኛ መስመር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይራቅ።

ከነካ ግን ኦፕሬተሩ ከጋቢናው አይውረድ። እዚያው ተቀምጦ ሌሎች እንዳይጠጉ ይጩህ። ከውጭ ያላችሁም ልትረዱት ብላችሁ አትሩጡ። ኤሌክትሪኩ በመሬቱም ላይ ይሄዳል። የመብራት ኃይል ሰዎች እስኪያጠፉት ራቁ። ማሽኑ እሳት ከያዘና መውጣት ግድ ከሆነ፣ ኦፕሬተሩ ሁለት እግሩን ገጥሞ ራቅ ብሎ ይዝለል። ብረቱንና መሬቱን በአንድ ጊዜ አይንካ። ከዚያም እግሮቹን ሳያለያይ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተ ይራቅ።

አዋጁ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ይህ አዋጅ ለቀን ሠራተኛው ጋሻ ነው።

አሠሪው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ፣ ስለ አደጋውም ሠራተኛውን ማስተማር አለበት። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን መልበስ፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ለአሠሪው ማስታወቅ አለበት።

ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣትም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድም። "ልጄ ጎበዝ ነው፣ ይግባ" አትበሉ።

ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል። እስኪድን ድረስም ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙ፣ ለሁለተኛው ሦስት ወር ከደመወዙ ከመቶ 75፣ ለቀጣዩ ስድስት ወር ከመቶ 50 ይከፈለዋል። ነገር ግን ሰክሮ ሥራ የገባ ወይም በግልጽ የተነገረውን የጥንቃቄ ትእዛዝ የጣሰ ሰው ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስትቀጠሩ ውላችሁን አንብባችሁ ፈርሙ። በሥራው የዋላችሁበትንም ቀን በደብተራችሁ ጻፉ።

ቀበሌው ምን ያድርግ?

መንገድ ሠሪው ሲመጣ ቀበሌው ከሥራው ኃላፊ ጋር ይሰብሰብ። ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ይፈረምበት። ቢያንስ አራት ነገር ይካተትበት።

1. ከብት የሚሻገርበት ቦታና ሰዓት።
2. በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ አጠገብ ባንዲራ ያዥ እንዲቆም፣ ገልባጮችም ፍጥነት እንዲቀንሱ።
3. አቧራ ዓይን እንዳይጋርድ መንገዱ በውኃ ቦቴ እንዲረጭ።
4. ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ሥራው ሲያልቅ እንዲደፈን ወይም እንዲታጠር።

አራተኛውን ቀላል አትበሉት። ማሽኑ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውኃ ይሞላል። ዋና የማይችል እረኛ ይገባበታል፣ ጥጃም ይሰምጥበታል። ኃላፊው አገር ለቅቆ ከሄደ በኋላ ማን ይጠየቃል? "ሳይቃጠል በቅጠል" ማለት ይሄኔ ነው። የተፈረመበት ወረቀት ካለ ግን መጠየቅ ይቻላል።

ተወያዩበት

ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ሌሎቹ ያዳምጡ። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ።

1. ዕውር ቦታዎቹ አራቱ የትኞቹ ናቸው? መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል እየሠራችሁ አሳዩ።
2. በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ገልባጭ በ3 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ይሄዳል? አስሉት።
3. በቀበሌያችሁ ገረጋንቲ ወጥቶበት ሳይደፈን የቀረ ጉድጓድ አለ? ማን፣ መቼ ያጥረው?
4. ልጆቻችሁ ማሽን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? ዛሬ ማታ ምን ትነግሯቸዋላችሁ?